የደሴት የጠዋት ቁጥር

ሐረር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለኢንጂነር ኒቆዲሞስ፣ ባሕር ዳር

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከጉልበቴና ከንዴቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ጠበል እወስደዋለሁ፤ ንዴቴን ግን በዚህ ፖስታ ልኬልዎታለሁ።

ስሜን ረስተውት እንደሆነ ሮማነወርቅ ነኝ። ሐረር ውሃ ቢሮ፣ እንደገቡ በስተግራ፣ ከታይፑ ኋላ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የራዲዮ መገናኛውን አንስቼ «ደሴት፣ ደሴት፣ ሐረር ነኝ። ስንት ነው?» የምለው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ጫፍ ጋሽ ሙሜ የሐይቁን ቁመት ውሃው ውስጥ ከቆመው መለኪያ ዘንግ ላይ አንብቦ ይነግረኛል፤ እኔ መዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ፤ የጣቢያው ኃላፊ እርስዎ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይፈርማሉ። አድራሻዎን የሰጠኝ ሾፌራችን የነበረው ወርቁ ነው። «እዚያም ሐይቅ ዳር ነው ያለው» አለኝ። መቼም ሐይቅ አያጣዎትም።

የእኛው አልቋል። በ1984 ሲመጡ ደሴት አርባ አባወራ፣ ለሐረር ውሃ የሚስቡ ሁለት ሞተር፣ ክበብና የመረብ ኳስ ሜዳ ነበራት። ዙሪያው ገጠር በኩራዝ ሲያመሽ የእሷ መብራት ከአስፋልቱ ይታይ ነበር። ሰርግ ያለበት የሐረር ሰው ወንበር የሚዋሰው ከእኛ ክበብ ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃው የድንጋዩን መሸጋገሪያ ይውጠውና በጀልባ እንሻገር ነበር፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ዛሬ በመሸጋገሪያው ላም ይሄድበታል። ቆርቆሮው ተነቅሏል፤ ሞተሮቹም ተጭነው ሄደዋል። ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ቀርታ ውስጧ ዱባ በቅሏል።

ከአርባው አባወራ ዛሬ እዚያ ያለው ጋሽ ሙሜ ብቻ ነው። በ1991 አባራችሁት መንደር ገብቶ ነበር። ሁሉም ጥሎ ሲወጣ እሱ ተመልሶ ገባ። «ሐይቁ እያለ አስወጡኝ፤ ሐይቁ ሲሄድ ማን ያስወጣኛል?» ይላል።

የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። «ሙሜ እውነት ተናግሯል፤ ዘንጉን ያዛወርኩት እኔ ነኝ» የሚል፣ ከነስምዎ፣ ከነፊርማዎ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ሮማነወርቅ


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሮማነወርቅ

እንደምን ከረሙ? ቤተሰብስ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስታም ድንጋጤም ተሰማኝ። መልሱን በማዘግየቴ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ መስክ ወጥቼ ነበር፤ ከዚያ ልጄ ኤልሳቤጥ ታመመች። አሁን ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የደሴትን ነገር ሰምቼ አዝኛለሁ። የመረብ ኳሱ ሜዳ ትዝ ይለኛል። ያቺ ጀልባ እስካሁን መኖሯ ይገርማል።

ስላነሱት ጉዳይ ፋይሉ በእጄ ስለሌለ ብዙ ማለት ይከብደኛል። ልኬቱ በየትኛው ጊዜና እንዴት እንደተዛባ በትክክል አላስታውስም። ደግሞስ ሐይቁ ከሄደ፣ ጣቢያው ከተዘጋ፣ ይህ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬ ለምን ተነሳ? ያለፈውን መቀስቀስ ጋሽ ሙሜን ራሱን የሚያደክመው ይመስለኛል። ለማንኛውም ደሴት ብርድ እንዳለ ስለማውቅ ለእሱ አንድ ወፍራም ጃኬት ልኬያለሁ። ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ ጥር 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ኒቆዲሞስ፣

ጤናህን እንደጠየቅሁህ ቁጠረው። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ በዕድሜ ታናሼ ነህ፣ አለቃነትህም ከሐይቁ ጋር ደርቋል። ኤልሳቤጥን ግን እግዚአብሔር ይማርልህ። ይሄን ከልቤ ነው።

ጃኬቱ ተመልሶልሃል። ጋሽ ሙሜ ግራ ቀኙን አገላብጦ አየውና «ብርድ አለብኝ መቼ አልኩ?» አለ።

ዛሬ ለምን ብለሃል። ባለፈው መስከረም የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ቢሮ ሄደ። አንዲት ልጅ ፋይሉን ገልጣ፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «ሐሰተኛ ልኬት ሲያስተላልፍ በመገኘቱ የተሰናበተ»። እሷ ምን ታውቃለች፣ ያለውን ነው ያነበበችው። ኤረር በር ቲማቲም የምትሸጠው ልጁ ሩቂያ አጠገቡ ቆማ ነበር። «አባዬ ሲዋሽ ሰምቼው የማላውቅ፣ ወላሂ እዚያው መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ» አለችኝ። እሱ ግን አላፈረም። ለልጅቷ «ምስክር ወረቀቱን ተዪው፤ ያቺን መስመር አንሱልኝ» ብሏት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ሰባ ዓመት ሞልቶታል፤ ውሸታም ተብዬ አልቀበርም ይላል።

አላስታውስም ላልከው እኔ ላስታውስህ። ዘንጉ መጀመሪያ የተተከለው ከሞተር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ተከትላችሁ መሳቢያ ቱቦውን ወደ መሃል ገፋችሁት፤ ዘንጉንም ነቅላችሁ ወደ መሃል ወሰዳችሁት። ይሁን፣ ዘንግ ከቱቦው አጠገብ ነው የሚቆመው። ግን መሃሉ ጥልቅ ነው፣ ዘንጉም እግሩ ዝቅ ብሏል። ዝቅ ያለውን ያህል ከቁጥሩ መቀነስ ነበረባችሁ። በ1987 አልቀነሳችሁም። በ1990 ደግማችሁ ነቀላችሁ፣ ያኔም አልቀነሳችሁም። ሐይቁ እየሞተ መዝገቤ ይደልብ ነበር። ሸዋ በር ሰዉ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ሲሰለፍ እኔ «ሦስት ከሃምሳ» እጽፍ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ወረቀቱን ላክ።

ሮማነወርቅ


ሐረር፣ ሰኔ 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ኒቆዲሞስ፣

የላክኸው ደርሶኛል። ማኅተሙ ያምራል። «በወቅቱ በነበረው የቴክኒክ ሁኔታ መጠነኛ የልኬት ልዩነት ተከስቶ ሊሆን እንደሚችል» ይላል። አቦ ተወኝ! ሊሆን እንደሚችል? ዘንጉ በእግሩ ሄደ?

ከሸዋ በር ሚኒባስ ይዤ ደሴት ድረስ ሄድኩና ለጋሽ ሙሜ አነበብኩለት። ስጨርስ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። የለም አልኩት። «የሱስ?» የለም። «እንግዲያው የማንም ደብዳቤ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ቀድጄ ግማሹን ልኬልሃለሁ፤ ግማሹ እኔ ጋ ለትዝብት ይቀመጣል።

«ግቢው ይሸጣል የሚባለው እውነት ነው ወይ» ላልከው፣ እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት የቢሮ ሰዎች የበሩን ቁልፍ ሊረከቡ መጥተው ነበር። ጋሽ ሙሜ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫቱን እየቃመ ጠበቃቸው። «ስሜ እናንተ ጋ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ስሜን ስጡኝ፣ ቁልፉን ውሰዱ» አላቸው። ፖሊስ እንጠራለን ቢሉት «ጥሩ፤ ሲመጣ ውሃ ይዞ ይምጣ፣ እዚህ የለም» አላቸው። ሰዎቹ ራሳቸው እየሳቁ ሄዱ። በሌላ ቀን ግን ሳይስቁ ይመጣሉ። ስለዚህ ፍጠን።

ሮማነወርቅ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ ሮማነወርቅ፣

ግማሹ ወረቀት ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ስከፍተው አየዋለሁ፣ ስዘጋው አየዋለሁ።

ቢቆጡኝም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጋሽ ሙሜ ሐረር ድረስ መጥቶ ዘንጉ ይዋሻል ብሎ ሲናገር እርስዎ የት ነበሩ? የስንብት ደብዳቤው የእኔ ፊርማ አለበት፤ አልክድም። ታይፕ ያደረገው ማነው? ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው?

ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2000 ዓ.ም.

ኒቆዲሞስ፣

እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይሆናል?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ኖሬያለሁ። አንተ ባትጠይቀኝ ኖሮ ሳልናገር እሞት ነበር መሰለኝ፤ እግዜር ይስጥህ። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ጋ ነበርኩ። ጋሽ ሙሜ ጫማው አቧራ ለብሶ ገባ። «ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ከውሃው በላይ የሚታየው ሦስት ደረጃ ነበር። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬ መጣሁ። ዘንጉ ግን ያው ሦስት ከሃምሳ ይላል። ዘንግ ይሄዳል፤ ድንጋይ አይሄድም» አለህ። አንተ «አስወጡልኝ» አልክ። እኔ ወረቀት እያስተካከልኩ አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ በራዲዮ ስንት ነው ስለው «አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ደርቋል» አለኝ። ጋሽ ሙሜ፣ ቁጥሩን ንገረኝ፣ እንጀራህን አትዝጋ ብዬ ለመንኩት። «ቁጥሩ ይሄ ነው» አለ። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ። አሥራ አንድ ቀን የትናንቱን ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩ። አንተ ዘንጉን አዛወርክ፤ እኔ ያለ ዘንግ ዋሸሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስንብቱን በሦስት ኮፒ መታሁት። ፊደል እንኳ አልሳትኩም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ሄጄ ነገርኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ ነውሩን ልደብቅህ አልችልም። ሰማኝና «አውቃለሁ። የታይፕሽ ቀለም ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነበር፤ ሌላ ማን ነበረው?» አለኝ። ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልከኝ? «መቼ እንደምትመጪ ልይ ብዬ ነው።» ስምንት ዓመት! እንዲህ ያለ ሰው ነው ውሸታም ያልነው።

እኔ ጽፌ፣ ፈርሜ ለቢሮው አስገብቻለሁ። የጸሐፊ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ የኃላፊው ይቅረብ አሉ። እንግዲህ እኔ ራቁቴን ወጥቻለሁ፤ አንተ ጃኬትህን እንደለበስክ ቆመሃል።

ሮማነወርቅ


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

እትዬ ሮማነወርቅ፣

ዓመት አለፈ። አራት ደብዳቤ ጀምሬ አራቱንም ቀድጃለሁ፤ መቅደድ ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ለምን እንዳደረግሁት ጠይቀውኝ አያውቁም። እነግርዎታለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ረሳሁ። እውነቴን ነው። ቱቦውን ስንገፋ ዝናብ ነበር፣ ሰዉ ጭቃ ውስጥ ነበር፣ ነገ እቀንሰዋለሁ ብዬ ሳልቀንስ ቀረሁ። ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው። ያን ሰሞን ከላይ የተላኩ እንግዶች ሊጎበኙን ይመጡ ነበር። መዝገቡ ሐይቁ እየቀነሰ ነው ካለ ደሴት ትዘጋለች፤ አርባው አባወራ ይበተናል፤ ክበቡ፣ መብራቱ፣ ሁሉም። አንድ ጥሩ ክረምት ቢመጣ ውሃው ይመለሳል፣ ቁጥሩም ራሱ እውነት ይሆናል ብዬ ነበር። ጋሽ ሙሜ ደረጃውን ቆጥሮ ሲመጣ ቦታዋን የሚያፈርስብኝ መሰለኝ። ያፈረስኳት እኔ ነበርኩ። እውነቱን በጊዜው ብናገር ውሃውን የሚስበው ሁሉ እጁን ይሰበስብ ነበር ይሆናል፤ ላይሰበስብም ይችል ነበር። ያን ማወቅ እንኳ አልቻልንም።

አሁንም ሥራዬ ሐይቅ መለካት ነው። ልጆቹ የሚያመጡልኝን ቁጥር ማመን አቅቶኝ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ የዘንጉን እግር በእጄ ዳስሼ አያለሁ። አብዷል ይሉኛል።

ወረቀቱን ጽፌያለሁ። ስሙ አለ፣ ስሜ አለ። በፖስታ አልልከውም። ጥምቀት እንዳለፈ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ጋሽ ሙሜ ያስገባኝ ይሆን?

ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ የካቲት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ኒቆዲሞስ፣

እንዴት ገባህ? መንገዱ አላደከመህም? ምሳ ሳትቀምስ መሄድህን ሩቂያ አልማረችህም። እኔ ግን አልተቀየምኩም፤ ያን ቀን ጉሮሮህ እህል እንደማያስገባ አይቻለሁ።

«ተናዶብኝ ነው ወይ ስንለያይ አንድ ቃል ሳይናገር እጁን ብቻ የጨበጠኝ?» ላልከው፣ አይደለም። ወረቀትህን ሦስት ጊዜ አስነብቦኛል። በሦስተኛው «ይሄ ሰው ጎበዝ ነው፤ ግን ዘግይቷል። ልክ እንደ ዝናቡ» አለ። ከእሱ አፍ ይሄ ምርቃት ነው። ዘንጉን በገዛ እጅህ ነቅለህ ደረጃው ግርጌ እንድትተክለው ያደረገህም ሊያዋርድህ አይደለም። «የነቀለ ይትከል» ነው ያለው። ድንጋይ ስትደግፍበት እጅህ ሲደማ አይቶ ጨርቅ ያመጣው ማን ነበር?

አሁን የቢሮውን ልንገርህ። የአንተንም የእኔንም ወረቀት ይዘን ሄድን። ያቺው ልጅ መጋዘን ወርዳ ተመለሰችና «እማማ፣ ፋይሉን ምስጥ በልቶታል» አለችኝ። አስበው! ይሄን ሁሉ ዓመት የታገልነውን መስመር ምስጥ በልቶታል። «ስለዚህ የሚነሳ ነገር የለም፣ አልቋል» አሉን። ጋሽ ሙሜ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ምስጥ ወረቀቱን ነው የበላው፤ ቃሉ እኮ እዚህ ቆሞ የሰማው ሰው ጆሮ ውስጥ አለ! አዲስ ፋይል ክፈቱ!» አለ። ልጅቷ አለቃዋን አየች፤ አለቃዋ ጣሪያ አየ። ከዚያ ራሷ ተነስታ አዲስ ፋይል አወጣች። የመጀመሪያው ገጽ የአንተ ነው፤ ሁለተኛው የእኔ። ያኔ ጋሽ ሙሜ «አሁን አንብቢልኝ፣ እንደዚያን ቀን ጮክ ብለሽ» አላት። አነበበች፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። ሩቂያ እልል አለች። ቢሮ ውስጥ እልልታ ክልክል ነው ያለ ሰው አልነበረም።

እንደ ቃሉ ቁልፉን አውጥቶ አስቀመጠላቸው። ገዢ አልተገኘም፣ ያዘው አሉት። ይሄን ሲሰማ የሳቀው ሳቅ!

አንድ ነገር ቀረ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞባይሌ ጮኸ። ሩቂያ የገዛችለት ስልክ ነው። «ሐረር፣ ደሴት ነኝ» አለኝ። እንደ ድሮው ስንት ነው? አልኩት። «ባዶ» አለ። ምን? «ባዶ ነው አልኩሽ፤ ጻፊ!» የልጄን አሮጌ ደብተር አምጥቼ ጻፍኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጻፍኩት ቁጥር እጄ ሳይከብደው የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነው።

ሮማነወርቅ


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

እትዬ ሮማን፣

ጡረታ ወጥቻለሁ። ኤልሳቤጥ ተመርቃለች። እኔ ቀኝ እጄ እንደ ድሮው አይታዘዝልኝም፤ ለዚህ ነው ጽሑፌ የዶሮ ጭረት የመሰለው። አይጨነቁ።

አሁንም ይደውላል? አሁንም ይጽፋሉ? ቁጥሩ ያው ቢሆንም ላኩልኝ። ባዶም ቢሆን የታመነ ባዶ ነው።

ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ ነሐሴ 21 ቀን 2010 ዓ.ም.

ኒቆዲሞስ ወንድሜ፣

እጅህ እንዴት ነው? ጠበሉን ሞከርከው? ኤልሳቤጥ ደብዳቤውን እንደምታነብልህ ነግራኛለች፤ ኤልሲ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት።

ይኸው አሥረኛ ዓመቴን ልደፍን ነው፣ ስድስተኛ ደብተር ላይ ነኝ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። የጎረቤት ሴቶች ይስቁብኛል። «ሮማነወርቅ ጠዋት ጠዋት ባዶ ትመዘግባለች» ይላሉ። እመዘግባለሁ! ሞልቷል እያልኩ ስጽፍ የሳቀብኝ አልነበረም እኮ።

ባለፈው «መሃሉ ላይ ውሃ ቋጥሯል የሚባለው እውነት ነው ወይ» ብለህ ነበር። ከሁለት ክረምት ወዲህ ይቋጥራል፤ ዳክዬም ወርዶበታል። የመንደሩ ሰው ሲደሰት ጋሽ ሙሜን ተመለሰ በለኝ፣ ልጻፍ ብዬ ነዘነዝኩት። ተቆጣኝ። «መሃል ላይ ያለው ለዳክዬው ነው። ቁጥር ዘንጉ ላይ ነው። አንቺ ሴትዮ ደግመሽ ልታዋሺኝ ነው?» አለኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ ከዘራ ይዞ ነው ደረጃውን የሚወርደው፣ እያንዳንዷን እየቆጠረ። ሃያ ሁለት ደረጃ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ ዳስሶ ነው ባዶ የሚለው። ዝናብ የለ፣ ጾም የለ፣ አስቀርቶ አያውቅም። ረመዳን ላይ ድምፁ ይደክማል እንጂ ይደውላል።

ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ ዝም አለ። አንድ ከሩብ፣ ዝም። ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ማርያምን እለምን ነበር። አንድ ከሃያ ላይ ጮኸ። «ሐረር፣ ደሴት ነኝ» አለ። እፎይ ብዬ ስንት ነው? አልኩት። ምንም አይልም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ኧረ ጋሽ ሙሜ! ወደቅክ እንዴ? ሩቂያን ልጥራ? ጮህኩ።

«ሁለቴ ዳሰስኩት» አለኝ በመጨረሻ። «ሦስተኛ ሩቂያን አስዳሰስኳት። ለዚያ ነው የዘገየሁት።» ከዚያ አዘዘኝ፦ «ጻፊ። ሁለት ሳንቲ።»

ጻፍኩ። የክረምት ውሃ ነው፣ በጥቅምት ይደርቃል ይሉኛል። ይድረቅ! ሲደርቅ ባዶ ብለን እንጽፋለን፤ እሱን መቼ አጣነው? ዛሬም ደውሏል፤ ያው ሁለት ሳንቲ ነው። ገጹን በዚህ ፖስታ ልኬልሃለሁ። ከታች ለኃላፊው ፊርማ ቦታ ትቻለሁ። በግራ እጅህም ቢሆን ፈርመህ መልስልኝ፤ ጋሽ ሙሜ ቅዳሜ ይጠብቀዋል።

ሮማነወርቅ